ከደሙ የቀደመ ውጤት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ታገደ። የላቦራቶሪያችን አክሬዲቴሽን፣ የብቃት ዕውቅናው፣ ታገደ። ባለፈው ወር የመጣው ገምጋሚ መዝገባችንን ገልጦ «ደሙ ስምንት ሰዓት ደረሰ፣ ውጤቱ ሦስት ተኩል ወጣ ይላል። ውጤቱ ከደሙ ቀደመ?» ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያሉ ስድስት አገኘ። ናሙና ተቀባያችን ኦቦ ዳባ ደሙ የደረሰበትን በሐበሻ ሰዓት ይጽፋሉ፤ እኔ ውጤቱን ከማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት እገለብጣለሁ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን አላስተዋልንም። ሰውየው ነገሩ ገብቶታል፣ ግን የሚፈርደው በመዝገቡ ነው። እውነቱን ነው።

እገዳው እስኪነሳ ደም ሁሉ አዲስ አበባ ይላካል። ከጎጆ ከተማ የመጣች ነፍሰ ጡር ውጤቷን ዛሬ ይዛ ልትመለስ ነበር። «ለሐሙስ» አልኳት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የሚሠራ፦ አንድ አቆጣጠር፣ የማሽኑ። የወሩን መዝገብ በሙሉ ማጣራት። ኦቦ ዳባን ማሳመን።

የመጨረሻው ከበደ። «ገና በጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ልበል?» አሉ ተኮሳትረው። ለጡረታ የቀረበ ሰው ምን ይባላል? ለመንኳቸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ኦቦ ዳባ በሁለቱም እጃቸው ሰዓት አስረው መጡ። ግራው የማሽኑ፣ ቀኙ የራሳቸው። «አካም ቡልተን» ብዬ እንደምን አደሩ ለማለት እንኳ ሳቅ አላስችል አለኝ።

ሳቁ ግን አልቆየም። ገምጋሚው ያላየው ሰባተኛ አገኘሁ። ደሙ ጠዋት አራት ሰዓት ደረሰ፣ ውጤቱ አምስት ሰዓት ወጣ ይላል። ላየው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አምስቱ ግን የማሽኑ ነው፤ በእኛ አሥራ አንድ። ያን ቀን ስብሰባ ገብቼ ደሙን ሰባት ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ረስቼዋለሁ። ፊርማው የኔ ነው። ያን ያህል የቆየ ደም ውጤቱ አይታመንም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ለኃላፊያችን ነገርኩት። «እነሱ ያላዩትን አንቺ ለምን ታወጪዋለሽ?» አለ። ለገምጋሚው በምንልከው ሪፖርት ይግባ ብዬ ድርቅ አልኩ። «እንግዲህ ብንዘጋ በአንቺ ነው» ብሎ ፈረመ።

የደሙ ባለቤት መምህር ነው። ደውዬ ስህተቱ የኔ መሆኑን ነገርኩት። መጥቶ ድጋሚ ሰጠ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አመሰገነኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ገምጋሚው ተመልሶ መጣ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ እኛ ከጻፍነው ውስጥ የለም።»

«የለም። እኔ ነኝ ያገኘሁት።»

አየኝና ረጅም ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላውቅም። ኦቦ ዳባን «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ሲላቸው ሁለቱንም እጅ ዘረጉለት። ከአዲስ አበባ የመጣው የመምህሩ ድጋሚ ውጤትም ደህና ነበር፣ ተመስገን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

እገዳው ተነሳ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኃላፊያችን «ደግ አደረግሽ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ረፋዱ ላይ፣ በእኛ አምስት ሰዓት ገደማ፣ የጎጆዋ ነፍሰ ጡር ለክትትል መጣች። ኦቦ ዳባ ግራ እጃቸውን አይተው ጻፉ። ደሟን ከሰጠች በኋላ ቦርሳዋን አንስታ «ለሐሙስ ነው?» አለችኝ።

«ቁጭ በይ» አልኳት። «ዛሬ ይዘሽው ትሄጃለሽ።»