የሐዋ ማንቆርቆሪያ

ሰኞ፣ የካቲት 3፣ ጧት 2፡00
መዳቦቹን በሎሚና በጨው ፈተግኩ። ሁለቱን የግድግዳ ትሪዎች፣ ትንሿን ድስት፣ መጨረሻ ማንቆርቆሪያውን። የአዳማ አቧራ ለመዳብ አይመችም። አንገቱ ላይ አምፖል፣ ሥሩ ላይ የገመድ ቀዳዳ። ሳሎኔ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ጎረቤቴ አስካለ ትናንትም አደነቀችው። የአማቴ ቅርስ ነው አልኳት፣ እንደ ሁልጊዜው።
ማስታወሻዬ፣ ላንተም ጽፌልህ አላውቅም። የሐዋ ነው። ወዳጄ አቦምሳ ልጇ ዘንድ ስትሄድ አደራ የሰጠችኝ፣ እናቷ ከሰላት በፊት ውዱእ ያደርጉበት የነበረ ማንቆርቆሪያ። ስድስት ዓመት ቁምሳጥን ውስጥ ጠበቅሁት። በሰባተኛው መብራት ላደርገው አስበሳሁት። አትመለስም ብዬ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5፣ 5፡00
ሐዋ ደወለች! ጉልበቷን ልትታከም መጥታ ወንድሟ ቤት አርፋለች። ቅዳሜ ትመጣለች። ማንቆርቆሪያዬስ፣ እንደ ፈተና ወረቀት ቆልፈሽባታል? ብላ ሳቀች። ደህና ናት አልኩ።
አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ። ልጅ ሲዋሽ ዐይኑን አይቼ አውቅ ነበር። ስልክ ዐይን ስለሌለው ተመስገን አልኩ። በዚህ ተመስገን ማለቴ!

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ብየዳ ቤት። ያው የበሳው ሰው። እማማ፣ ያኔ ይበሳ ብለው ጨቀጨቁኝ፣ አሁን ደግሞ ይደፈን? መዳቡ ስስ ነው፣ እሳት ሲነካው ይብስበታል አለኝ። መለሰኝ።
አምፖሉን ነቀልኩ። ሻማ አቅልጬ ቀዳዳውን ደፈንኩ። ውሃ ሞላሁ። ቆሜ ጠበቅሁ። ጠብ። ደግሞ ጠብ።
በዚህ ዕድሜዬ፣ በሻማ።

ዓርብ፣ የካቲት 7፣ ማታ 1፡00
አስካለ ሻይ እየጠጣች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሐዋ፣ በከዘራ። ቅዳሜን አልጠበቀችም። አቀፈችኝ። ወዲያው ጠረጴዛው ላይ አየችው። አነሣች፣ ገለበጠች፣ አውራ ጣቷን ሻማው ላይ አሳለፈች።
አስካለ ምን ታውቃለች። የእትዬ አማት ቅርስ ነው፣ መብራት ነበር እኮ፣ አምፖሉን ምነው ነቀሉት አለች።
ሐዋ አየችኝ። ከዚያ ወደ አስካለ ዞራ፦ «አዎ፣ አማቷን አውቃቸዋለሁ። ዕቃ አያያዝ ያውቁ ነበር።»
አማቴን አይታቸው አታውቅም። እኔ አዳማ ሳልመጣ ነው የሞቱት።
ስትወጣ በሩ ላይ ጆሮዬ ሥር፦ «በሻማ አጠመቅሻት እንዴ?» ሳቀች። እኔ አልቻልኩም። ውሰጂው ልላት ነበር፤ ከዘራዋን ብቻ አቀበልኳት። ሳትወስደው ሄደች። ሰላቷን የማታስተጓጉል ሴት፣ ለእኔ ስትል ዋሸች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፣ ጧት 1፡30
አልበላሁም። ሻማውን በሹካ ፋቅኩ። ቀዳዳው ይታያል። ይታይ። በንጹሕ ፎጣ ጠቀለልኩት።
የምናገረውን እንደ ትምህርት ዝግጅት በወረቀት ጻፍኩ። ማንቆርቆሪያው የሐዋ ነው። ያስበሳሁት እኔ ነኝ። ሐዋ ትናንት የዋሸችው እኔን ልትሸፍን ነው። ሦስት ዐረፍተ ነገር፤ ሰበብ የሚመስለውን አራተኛውን ሰረዝኩ።
መጀመሪያ አስካለ ቤት፣ እዚያው ደጇ ላይ ሆኜ። ከዚያ ሐዋ ዘንድ። የጠራሁት ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ወረቀቱን ቤት ትቼው እሄዳለሁ፣ አይቶ ማንበብ ደግሞ ኩረጃ ነው።