ሎሬታ የወለደችልኝ ልጅ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 7 ቀን 1980

ነገርኳቸው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

እትዬ አስካለን ነው። ካርቱም በስደት ሳለን ከራሳቸው ቀንሰው ያበሉኝ፣ አትላንታ ከገባንም በኋላ «ልጄ» ማለት ያልተውኝ ሴት ናቸው። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ብዬ ደወልኩ። «እትዬ፣ ሰሞኑን ልጅ ይወለድልኛል» ስላቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

«ሳትነግረኝ ማንን አገባህ?»

«አላገባሁም። ሎሬታ የምትባል፣ ባል ያላት ሴት ናት፣ ግን እርስዎ እንደሚያስቡት...»

እዚህ ላይ ዘጉት። ባሏን ከሐኪሙ ማስቀደሜ ጥፋቴ ነው።

ነገሩን በአማርኛ ማስረዳት እንዴት ይከብዳል! ስም የለውም። እስቲ እዚህ ልሞክረው። ልጅ ፈለግኩ። ሚስት የለኝም። ሎሬታ አርግዛ ልትወልድልኝ ፈቀደች። ዘሬን ሐኪም በመሣሪያ አኖረላት። እሷና እኔ ከመጨባበጥ ያለፈ ነገር የለንም። ሕፃኑን አባቱ እኔ አሳድገዋለሁ። አለቀ። እንዲህ ነበር ማለት የነበረብኝ።

ክሪቡን፣ የሕፃን አልጋውን፣ ገጣጥሜ ጨረስኩ። አንድ ብሎን ተረፈኝ። የት መግባት እንደነበረበት አላውቅም። አልጋውን ደጋግሜ ነቀነቅኩት፣ ንቅንቅ አይልም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 8

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እነሎሬታ ቤት ሄድኩ። እዚሁ ኢስት ፖይንት፣ ከቤቴ ብዙም አይርቅም። ባሏ ካልቪን ኤርፖርት ውስጥ አብሮኝ ሻንጣ ይጭናል። ሁሉም ሰው «ካል» ነው የሚለው።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በእሱ ነው። ምሳ ላይ «መስፍን፣ አንተ ለምን አትወልድም?» አለኝ። «ልጅ ስላማረኝ ብቻ የማልወዳትን ሴት ባገባ ማታለል ነው» አልኩት። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ አወራላት። የሎሬታ እህት፣ ልጅ ስትመኝ ዕድሜዋ ያለፈ ሴት ናት። ያንን ሐዘን ሎሬታ በቅርብ አይታዋለች። በሳምንቱ ደወለችልኝ። «የራሴን ወልጄ ጨርሻለሁ። አንድ ላንተ መውለድ አያቅተኝም» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ዛሬ ያበጡ እግሮቿን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ፋኑን ፊቷ ላይ አዙራ ተቀምጣ አገኘኋት።

«መስ፣ ፈርተሃል?»

«ሐሳብሽን እንዳትቀይሪ እፈራለሁ» አልኳት። ወራት ሙሉ አፌ ላይ ነበር። ወጣልኝ።

«እኔም አንተ እንዳትቀይር እፈራለሁ። ሌሊት ሲያለቅስብህ መልሰህ በሬ ላይ ብታስቀምጠውስ?» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ሆዷም አብሮ ዘለለ።

ግን ጠበቃዬ ያለኝ ከአእምሮዬ አይወጣም። የፈለግነውን ያህል ብንፈራረም፣ በሕግ እናቲቱ የወለደችው ናት፣ አባትየው ደግሞ ባሏ። ዳኛ ካልፈቀደ እኔ ማንም አይደለሁም።

ዓርብ፣ ሰኔ 10

ሴት ናት!

ሻንጣ እየጫንኩ ሱፐርቫይዘሬ እየሮጠ መጣና «ሂድ! ሂድ!» አለኝ። ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ነዳሁ። መኪናዋን ሁለት ቦታ ይዤ በአግድም ፓርክ አደረግኳት። ደግነቱ የቅጣት ቲኬት አልተሰጠኝም።

ኮሪደር ላይ ከካል ጋር ቁጭ ብለን ሳለ ነርሷ ብቅ አለች። «አባትየው ማነው?» ሁለታችንም ብድግ! አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና የፕላስቲኩን አምባር ለካል አጠለቀችለት። ባልየው እሱ ነዋ። አምባሩ የሌለው ሰው ሕፃናቱ ክፍል አይገባም።

ካል እጁን መልሶ ዘረጋላት። «እህቴ ተሳስተሻል። ቁረጪውና ለእሱ አድርጊለት።»

«ደንቡ...»

«ለመስ ስጡት!» አለች ሎሬታ ከውስጥ፣ በዚያ በደከመ አቅሟ። ፎቁ በሙሉ ሰምቷል። አለቃዋ ተጠርታ መጣች፣ ሎሬታን አነጋገረች፣ ተመልሳ ለኔ አጠለቀችልኝ።

ልጄን አቀፍኳት። ፀጉሯ ጥቁር፣ ድፍን። ግንባሯ የእናቴ ግንባር። አገጯ የሎሬታ ነው፣ ቁርጥ። ይህን መካድ አይቻልም፣ መካድም አልፈልግም። ጣቴን ጨብጣ አልለቅም አለች። ስንት የኮራሁበት ነገር አለ ብዬ አስብ ነበር። ለካ እስከ ዛሬ በምንም ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11

ጠዋቱ ክፉ ነበር። ሎሬታ «ከልጅቷ ጋር ብቻዬን ተዉኝ» አለችና በሩ ተዘጋ። ካልን አየሁት፣ ትከሻውን ነቀነቀ። ቁጭ አልኩ። ተነሣሁ። መብቷ ነው አልኩ። ደግሞ ብትከለክለኝስ አልኩ። ከውስጥ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ፣ የሕፃን አይደለም።

በዚህ መሃል ኤሊቬተሩ ተከፈተና እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈው ወጡ። አብሮኝ ከሚሠራ አበሻ ጠይቀው፣ ነገሩንም ከሥሩ ተረድተው ኖሯል።

«የታለች?»

«ልጅቷ?»

«አራሷ ናት እንጂ! ገንፎው ቀዘቀዘ።»

«እትዬ፣ አሁን አይገባም፣ ብቻዋን...»

«ደሞ አራስ ብቻዋን ይተዋል?» በሩን ገፍተው ገቡ። ተከተልኳቸው።

ሎሬታ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ዓይኗ ቀልቷል። እትዬ አስካለ አንድ ቃል እንግሊዝኛ አይችሉም። ድስቱን ከፈቱ፣ ቅቤና በርበሬውን መሃሉ ላይ አስተካከሉ፣ ማንኪያውን አስያዟት። ሎሬታ ቀመሰች። ዓይኗን ገርበብ አደረገች። «ግሪትስ ነው እኮ!» አለች፣ የአገሯን የበቆሎ ገንፎ ማለቷ ነው። «የተናደደ ግሪትስ!» እያላባት እስከ ድስቱ ሥር ወረደች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሁሉን ነገርኳት» አለች። «ማን እንደሆንኩ፣ ለምን ካንተ ጋር እንደምትሄድ። ከኔ መስማት ነበረባት። ይኸው አሁን ውሰዳት።» አቀበለችኝ።

እትዬ አስካለ «ምን አለች?» አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። ድስቱን አስቀመጡና ጎንበስ ብለው የሎሬታን ጉልበት ሳሙ። «ለእኔም እንዲህ የሚያደርግልኝ ባገኝ ኖሮ» አሉ። መሐን መሆናቸውን እንዲህ በአፋቸው ሲያወጡት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ወጋችን ለሴት ሦስት እልልታ ነው። እትዬ አስካለ ሲጀምሩ ማቆሚያ የላቸውም። ነርሶቹ ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ ገቡ።

እሑድ፣ ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ለአሜሪካኖቹም ዛሬ የአባቶች ቀን ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ የማላውቀው ዘበኛ እንኳን አደረሰህ አለኝ። የዓመቱን ሙሉ ሻንጣ ብቻዬን የምጭን መሰለኝ።

መኪናው ጋ ሎሬታ ከዊልቸሯ ሆና «ሂድ እንግዲህ፣ ዞረህ አትይ» አለችኝ። ሞተር ሳስነሣ ግን ራሷ ጮኸች። «ስሟን ሳትነግረኝ!»

«ቃልኪዳን።»

ካል ደረቱን ነፋ። «ካል? በኔ ስም?»

«ቃል ማለት በኛ ቋንቋ አንዴ ከሰጡት የማይታጠፍ ነው» አልኩት። «ያው እኔ ነኛ» አለ። አልተከራከርኩትም። ሎሬታ ስሙን ለብቻዋ ደጋግማ ለመደችው።

ሀይዌይ ላይ እንደ ሰርገኛ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። የጭነት መኪናው ሁሉ ጡሩንባውን ነፋብኝ። እትዬ አስካለ ከኋላ «ልጅ እንደ ዕቃ ይታሰራል?» እያሉ ካር ሲቱን ሲረግሙ መጡ።

ዛሬ የቻልኩት፦ ማጠብ፣ ወተቷን ማሞቅ፣ ማስገሳት። ዳይፐሩን ወደ ኋላ አዙሬ አስሬው ሸሚዜ በስብሷል። ያም ሆኖ ደረቴ ላይ ተኛች።

ሰኞ፣ ሰኔ 13

ፍርድ ቤት። ሎሬታ ተኚ ብትባል እምቢ ብላ ከካል ጋር መጣች። ዳኛው ያስገደዳት ሰው እንዳለ ጠየቋት። «የለም ጌታዬ። እወልድለታለሁ አልኩ፣ ወለድኩለት።» ካልም ልጅቷ የእሱ እንዳልሆነች በአፉ ተናገረ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ብቻህን ልጅ ማሳደግ ትችላለህ?»

ያጠናሁት እንግሊዝኛ ጥርግ ብሎ ጠፋ። «አባቴ ሲሞት ታናናሾቼን ያሳደግኩ እኔ ነኝ» አልኩ። «ያልቻልኩትን እማራለሁ። ትናንት ዳይፐር ተምሬያለሁ።» ጸሐፊዋ ሳቀች። ዳኛው አልሳቁም፣ ግን ፈረሙ። ልጅቷ ለጊዜው ከእኔ ጋር ትቆያለች። የመጨረሻው ውሳኔ በመጸው ነው።

ጠበቃዬ «ለጊዜው የሚለውን እንዳትረሳ» አለኝ። አልረሳም። እትዬ አስካለ ግን ቃሉን አይቀበሉትም። «ሁላችንም ለጊዜው ነን» ብለው ጓዛቸውን ይዘው ሳሎኔ ገብተዋል። እስከ ክርስትናዋ አልሄድም ብለዋል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 16

የመጀመሪያው የሐኪም ቀጠሮ። መጠበቂያው ክፍል በእናቶች ተሞልቷል፣ ወንድ እኔ ብቻ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፈገግ ብላ «ዛሬ እናቷን አሳረፍካት?» አለችኝ። ሎሬታ ቤቷ ተኝታ ታየችኝ፣ ልጆቿ ዙሪያዋን ከበዋት። «አዎ፣ ትረፍ ብዬ ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ የያዘችውን ወረቀት አየች፣ ግንባሯን ቋጠረች፣ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ፣

«ካል... ካልኪ-ዳን... ሜስ-ፊን?»

ማንም አልተነሣም። እኔም የማን ልጅ ትሆን ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ሁለተኛ ስትጠራ ነው የገዛ ስሜ ከልጄ ስም ቀጥሎ ሲመጣ የሰማሁት።

«አቤት!» ብዬ ተነሣሁ፣ በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ።