የእትዬ ደብሪቱ ሬዲዮ

ጥቅምት 4 ቀን 2001

ዝናቡ አባራ። ጣሪያዬም ማፍሰሱን ተወ፣ ተመስገን።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ እትዬ ደብሪቱ ሬዲዮ አሸክመው መጡ። የባላቸው የጋሽ ተከስተ ነው፣ ያ ባለ አምፖሉ። ሠፈሩ ሊፈርስ ነው፤ ኅዳር ላይ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ይገባሉ። ከካዛንቺስ ሳይወጡ አንዴ ሲናገር መስማት ይፈልጋሉ። በ1970 ጋሽ ተከስተን ከቤት ወስደው ካስቀሯቸው ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

ሁለት ነገር አዘዙኝ። አንደኛ፣ የማወጣውን አሮጌ ዕቃ እንድመልስ... ልሰርቃቸው ነው እንዴ? እኔን፣ ቴሌ ጥገና ላይ ዕድሜዬን የፈጀሁትን ሰውዬ! ሁለተኛው ግን ከበደኝ።

«ጉተማ፣ የጣቢያዋን መርፌ እንዳትነካት። እሱ እንደተዋት ናት።»

ጥቅምት 7

ከፈትኩት። አቧራ በአቧራ። የካፓሲተሮቹ፣ የኤሌክትሪክ ቋቶቹ፣ ሰም ቀልጦ ወርዷል፣ አንዱማ አብጧል። እንዲሁ ሶኬት ላይ ቢሰካ ኖሮ ጭሱ ቂርቆስ ድረስ ይታይ ነበር። አሥራ አንዱም ይቀየራሉ።

ባለቤቴ እጸገነት፣ ደህናውን ለምን ትነካለህ አለች። ይሄን ያህል ዘመን የተኛ ካፓሲተር ደህና ቢመስልም አይታመንም አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳቀች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ... በቃ።

ጥቅምት 12

ለገሃር ዞሬ አሥራ አንዱንም አገኘሁ። አንድ ነቅሎ አንድ መበየድ ነው። ሁሉንም ባንዴ ከነቀልክ የቱ የት እንደነበረ ይጠፋሃል። አሮጌዎቹን በፌስታል ቋጠርኩ።

ጥቅምት 13

እጄን በቆረጠው!

እንዳይቃጠልብኝ በመቶ ሻማ አምፖል በኩል አሾልኬ ቀስ ብዬ መብራት ሰጠሁት። ሞቀ... ፉጨት ብቻ። እጄ በልማድ ጣቢያ ፍለጋ ሄደ። መርፌዋ ከዳር እስከ ዳር። ዜና ሰማሁ፣ እንደ ልጅ ጨፈርኩ... ከዚያ ትዝ አለኝና ክው አልኩ። የት ነበረች? ከመሃል ወደ ግራ? ምን ያህል?

እጸገነት፣ ገመት አድርገህ መልሳት፣ በምን ያውቃሉ ትላለች። እውነቷን ነው፣ አያውቁም።

ጥቅምት 14

እትዬ ደብሪቱ ደረሰ ወይ ብለው ላኩብኝ። ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ውሸታም።

ጥቅምት 16

ሄድኩ። ሬዲዮውን ከነፌስታሉ አስቀምጬ፣ ቁጭ በል ሲሉኝ እንቢ ብዬ ቆሜ ነገርኳቸው።

ፌስታሉን ፈቱ፣ ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ አገላበጡ።

«እኔም እሱ በተወሰደ በዓመቱ አቧራ ስጠርግ ነክቻታለሁ» አሉ። «ለሰው አልተናገርኩም። ይኸው እስከዛሬ... የገዛ እጄ ያቆማትን ቦታ ነው ስጠብቅ የኖርኩት።»

አለቀሱ። እኔም አልቀረልኝም። እንባቸውን ጠርገው ሬዲዮውን ከፈቱና መርፌዋን ራሳቸው አዞሯት።

ኅዳር 21

እትዬ ደብሪቱ ከጎተራ ደወሉ። ሬዲዮው ደህና ነው። ጎረቤት፣ ድምፁን ይቀንሱልን ብሏቸው ተጣልተዋል።