የሻክያዎች ጠቢብ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፍሪሞንት ፋብሪካው ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆሙ እግርሽን እንዳሳበጠው ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ተሻለሽ ወይ? እኔ ኦክላንድ አለሁ። ባልሽ ንጋቱም ደኅና ይሆናል፤ እሱ መቼ ታሞ ያውቃል።

ቅዳሜ ንጋቱ ሳሌምን በር ላይ አውርዷት ሄደ። ስለ ቡድሃ ለትምህርት ቤት የጻፈችውን አሳየችኝ። ሻክያሙኒ ሲወለድ የወጣለት ስም ነው ብላለች። ተሳስተሻል አልኳት። ስሙ ሲዳርታ ነው፤ ሻክያሙኒ ማዕረግ ነው። ሻክያ የተወለደበት ወገን ነው፤ ሙኒ በጥንቱ የህንድ ቋንቋ ጠቢብ፣ ዝምታን የመረጠ ሰው ማለት ነው። የሻክያዎች ጠቢብ።

እሷ ግን ንጋቱ ስሙ ነው ብሎኛል አለች። ኮምፒውተሩ ላይ አብረው ሲፈልጉ፣ ሲሳሳቁ እንደዋሉም ነገረችኝ። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ኮል አድርጎ የጠየቀኝ ግን የለም።

እርማቱን ልጽፍ ብዕር አንስቼ ከገጹ አናት ላይ ስሟን አየሁ፦ ሳሌም ንጋቱ።

ይሄ ምንድን ነው አልኳት። ትምህርት ቤቱ የቤተሰቡን ስም አንድ አድርጎ መዝግቦ፣ አንቺም ይሁን ብለሽ እንደተውሽው በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። ዳድ፣ ፎርም እኮ ነው አለች። ፈረንጅ አያውቅም እንበል፤ አንቺ ግን ታውቂያለሽ። የአባት ስም ቤት በለወጡ ቁጥር የሚለወጥ አድራሻ አይደለም።

ተቆጣሁ። ሲዳርታ ቤተ መንግሥቱን፣ ሚስቱን፣ ገና የተወለደ ልጁን ትቶ ሄደ፤ ቢሆንም ዓለም እስከ ዛሬ በወገኑ ስም ይጠራዋል፤ ሰው ስለሄደ ስሙ አይፋቅም አልኳት።

ሳሌም ሰምታኝ ስታበቃ፣ ቃል እየፈለገች፣ በአማርኛ፣ ልጁን ታዲያ ማን አሳደገው አለችኝ።

አንቺ እንኳ ይህን ጠይቀሽኝ አታውቂም። መጽሐፍ አይቼ እነግርሻለሁ አልኳት።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ነገ ትምህርት ቤቱ ሄደሽ ስሙን አስተካክዪ ልልሽ ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ወረቀቷ ላይ ሻክያሙኒ የሚለውን ብቻ አርሜ መልሼላታለሁ። ከላይ ያለውን አልነካሁትም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጃችንን ያሳድግልን። ንጋቱንም ይጠብቀው፤ ከዚህ በላይ ልመርቀው አልችልም።

የሳሌም አባት