የሀዋኒ አምስተኛ መልስ

ሮቤ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017

ሐሙስ ዕለት ትክክል የሆነ መልስ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ።

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደሎ መና ሙቀት ይሻለዋል ብለሽኝ ነበር። አዜብስ ደህና ናት? ልጅሽ አጎቷን ረሳችው ልል ነበር፤ ተውኩት።

እኔ ጤና ነኝ። ጽሕፈቴ ከተበላሸብሽ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ነው። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው የምጽፈው። ያለሁት ቀበሌ፣ ወረፋ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ የመምህራንን ማህደር ሊያድስ የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ ብሎናል። ከፊቴ ሃያ ሰው ይሆናል።

ዘንድሮ ጎባ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አፕቲትዩድ አስተምራለሁ። ለፋሲካ ስደውልልሽ ምንድን ነው ብለሽኝ በደንብ አልነገርኩሽም። ሁለት ቃላት ይሰጣሉ። በመሀላቸው ያለውን ዝምድና ታገኚና እንደዚያው የተዛመዱ ሌሎች ሁለት ቃላት ትመርጫለሽ። መጋዝ ለእንጨት እንደሆነ ማጭድ ለስንዴ ነው። ይህን ስል ፊሮምሳ የሚባለው ከኋላ፣ የባሌ ስንዴ ማጭድ ካየ ቆየ፣ ቲቸር ኮምባይነር ይበሉ አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ አልተሳሳተም፤ ዝምድናውን ይዟል።

ብዙዎቹ ግን ቃላቱን ያዩና ይሳሳታሉ። መጋዝ ካለ መዶሻ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም የአናጢ ዕቃ ነውና። ስለዚህ ድልድይ የምለውን አስተምራቸዋለሁ። ሁለቱን ቃላት በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አገናኙ፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ሳትነኩ ቃላቱን ብቻ ቀይሩ። ካልሄደ መልሱ እሱ አይደለም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ድልድዩን በሚያስቡበት ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እንዲሠሩት እፈቅዳለሁ። ቃላቱን አትዩ፣ መሀላቸውን እዩ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ጮኼአለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ ከየቤታችሁ ከምታውቁት ሰውና ዕቃ አምስት አምስት ሠርታችሁ ኑ አልኳቸው።

ሀዋኒ የምትባል ተማሪ አለችኝ። የአዴ ጤቤ የልጅ ልጅ ናት፤ ጎባ አጥር ለአጥር የነበሩት ጎረቤታችን። እናቷ ለሥራ ቤሩት ስለሄደች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በብርድ ቀን ሻርፕ እስከ ዓይኗ ጠምጥመው ስለሚልኳት ልጆቹ የአያት ልጅ እያሉ ያበሽቋታል። አራቱን በደንብ ሠርታለች። አምስተኛው እንዲህ ይላል፤ "ሀዋኒ ለአዴ ጤቤ፣ ቲቸር ገዛኸኝ ለወይዘሮ ወለተ ማርያም።" ከሥሩ ድልድዩን ጽፋለች፤ "አያት ያሳደገችው።"

ሰረዝኩት። ጎኑ ላይ "እናቴ ናቸው" ብዬ ጻፍኩ።

ደብተሩን ስመልስላት እጇን አወጣችና ትክክል ነው አለች። ፊሮምሳ፣ ብቻዋን ሲከብዳት ቲቸርንም የአያት ልጅ አደረገቻቸው አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"አኮ ናት የነገረችኝ" አለች፤ አያቷን ነው። "ስድባቸውን ነግሬያት ሳለቅስ፣ አስተማሪሽም የአያት ልጅ ነው፣ ይኸው ሰው ሆነ አለችኝ።"

አርጅተዋል፣ ነገር ተቀላቅሎባቸው ነው ብዬ አለፍኩት። አርብ ሌላ ክፍል እያስተማርኩ ሳለ ሰሌዳው ፊት ቆሜ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር ጠፋብኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። አዴ ጤቤ በረንዳ ላይ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። አካም ጅርታ ብለው ሳሙኝና ገና ሳልቀመጥ ልጅቷ ስንት አገኘች አሉ። አራት ከአምስት አልኳቸው። አምስተኛዋን ምን ነካት ሲሉኝ ደብተሩን ከሀዋኒ ተቀብዬ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

"ታዲያ ምኑ ነው የተሳሳተው?" አሉ።

ከዚያ ቀና ብለው ፊቴን አዩ። ቢላዋውን አስቀመጡ። ለወለተ ማርያም ዓርባ ስትመጣ ነግራሃለች ብዬ ነው እኮ አሉ። ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም። ለዓርባው ከሩቅ የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ተጨማሪ ላለመናገር ብዙ ታገሉ። አልተነሣሁላቸውም። በመጨረሻ የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ገንፎው።

እኔ በተወለድኩ በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ሴቶች እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ መጡ። እማዬ መጋረጃው ውስጥ ተኝታለች። ከዚያ በፊት ወር ሙሉ ነፍሰ ጡር ለመምሰል ሆዷ ላይ ጨርቅ አስራ ከርማለች። ገንፎውን ለእንግዳ ያዞርሽው አንቺ ነሽ። አሥራ ስድስት ዓመትሽ። ቆመሽ። አዴ ጤቤ ሳህኑን ሊቀበሉሽ ሲሉ እማዬ ከውስጥ፣ "ተያት፣ ልጅ ናት፣ አይደክማትም" አለች።

እትዬ፣ ከቅዳሜ ወዲህ ያ ሳህን ነው የሚታየኝ።

ስታገቢ አራት ዓመቴ ነበር። ጎባ በመጣሽ ቁጥር "ልጄ" ትይኛለሽ፤ እኔ "ያንቺ ልጅ አይደለሁም፣ የእማዬ ነኝ" እላለሁ። ያኔም ሰው ማረም እወድ ነበር። አንቺ "እሺ፣ የእማዬ" ትይና ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ። ታላቅ እህት ታናሿን ልጄ ማለቷ ያለ ነው። ስለዚህ እዚያው ሰው ፊት ስትናገሪው ማንም አልሰማሽም።

እማዬን አልወቅሳትም። አሳድጋኛለች። አንቺን ምን እንደምልሽ ግን አላውቅም። ስለ አባቴ አዴ ጤቤ ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ለዓርባው ሦስት ቀን አንድ ቤት ስንከርም እማዬ ሞታ ነበር። ማንን ፈራሽ? የምጠይቅሽ ይህን ብቻ ነው።

የሀዋኒን ደብተር እዚያው በረንዳው ላይ አርሜዋለሁ። አምስት ከአምስት።

ወረፋው እየደረሰኝ ነው። ደብዳቤውን ለመና መኪና ሹፌር እሰጠዋለሁ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ አዜብን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ወንድምሽ ብዬ መፈረም ነበረብኝ።

እትዬ፣ ይህቺን ቆሜ ነው የምጨምራት። ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ጸሐፊዋ ዮዲ ናት፤ ጎባ ያስተማርኳት። ቅጹን አገላበጠችና፣ ቲቸር፣ የእናት ሙሉ ስም የሚለውን ዘለውታል አለች። ሳቀች። "ባዶ ቦታ ትታችሁ እንዳትወጡ ይሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉ? ይስጡኝ፣ እኔ እሞላዋለሁ፤ እማማ ወለተ ማርያምን ማን ያጣቸዋል" አለችና እስክሪብቶዋን አነሣች።

ቆይ አልኳት። ቆየች። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

ቅጹን እጇ ላይ ትቼ ወጣሁ። መናኸሪያ እየሄድኩ ነው። ደብዳቤውን ለሹፌር አልሰጥም፤ ይዤው እመጣለሁ። አንብበሽ እስክትጨርሺ ደጅ እቆማለሁ።

ልጄ የምትይኝ