ሲፈሩን ደህና ነበርን

ናዝሬት፤ ኅዳር 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ ደጋው አባሰብህ? የላክሁልህን ሹራብ ራስህ ትለብሰዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ለሌላ ሰጥተህ በካኪ ብቻ ትንቀጠቀጣለህ? አባባ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ እጁም ምላሱም ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልለፈው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

እስካሁን የጻፍሁልህ ሁሉ ስለ ዝናብና ስለ ጎመን ነበር። በፖስታ የሚሄድ ደብዳቤ ካንተ በፊት ስንት አንባቢ እንዳለው ታውቃለህ። ይኼኛው ግን በመርጋ እጅ ነው የሚደርስህ። መርጋን አትረሳውም፤ የመኪናው ባሌስትራ በተሰበረ ቁጥር ከአባባ በቀር ሰው የማያስነካው፣ ገና ከበር በኦሮምኛ ‹ነጋዳ?› ብሎ ሰላም እያለ የሚገባው ሹፌር። አሁን እህል ጭኖ ኮምቦልቻ ድረስ፣ እናንተ ካላችሁበት የጦር ሰፈር በር ይደርሳል። ስለዚህ ዛሬ የሆዴን እጽፋለሁ። አንብበህ ከጨረስህ በኋላ የምትሰድበኝ ስድብ ካለህ አልቀየምም።

ወንድሜ፣ አንተን ያስወሰድሁህ እኔ ነኝ።

ቀጥቃጭ ቤት መወለድ ምን እንደሆነ ላንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንተ ግን ወንድ ነህ፤ ኳስ ሜዳ ላይ ቡዳ ያለህን በቡጢ ታቀምሰው ነበር። እኔ ቦኖ ላይ ተሰልፌ ሴቶቹ ሕፃኖቻቸውን በነጠላ ሲሸፍኑብኝ ማንን ልማታ? የእማማ ሸዋወርቅ ደጃፍ ከእኛ አሥር እርምጃ ነው። እናታችን ስትሞት እንኳ ከአጥሩ ውጭ ቆመው አልቅሰው ተመለሱ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ወናፉን ስነፋ ኖሬ ጥቀርሻ ከፊቴ ለቆ አያውቅም። አፍሬ ነው የኖርሁት፤ ከአባባም ከእናታችንም ሥራ አፍሬ።

ከሰሉን ሞጆ ኬላ ላይ መውረስ የጀመሩ ጊዜ ትዝ ይልሃል፤ ሁለት ሳምንት ምድጃችን ቀዝቅዞ ገበሬዎቹ ማረሻቸውን እንደያዙ ሲመለሱ። አንተ በደብተርህ ላይ ያን የጋዝ ምድጃ ሥለህ አሳየኸን። አባባ አይሆንም ሲል አንተ ደብተርህን አጥፈህ ኳስህ ጋ ሄድህ። የገፋሁት እኔ ነኝ። ማረሻ ካልተሳለ ምን እንበላለን እያልሁ ጠዋት ማታ ነዘነዝሁት። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ልቤ የወደደው ሰብስቤ ከሥራ ሲወጣ እስከ መንገዱ ማዶ ይሸኘኝ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አይሻገርም። እኔ የፈለግሁት የሚሻገርበትን ቤት ነው።

ሥራው እንዴት ደስ ይል ነበር። የሆቴሉ ወጥ ሠሪ አብተው ለሠራንለት ቢላዎች አንድ አሮጌ ባዶ ሲሊንደርና አንድ ጋዝ የሞላበት ሰጠን። ባዶውን ልቆርጥ መጋዙን ባነሳ ጮኽህብኝ፤ ባዶ የሚመስል ጋዝ ሰው ይገድላል ብለህ እስከ አፉ ውኃ ሞላኸው፣ ከዚያ ነው የቆረጥነው። የውኃ ቧንቧ ቁራጭ፣ ከአሮጌ ካርቡሬተር የወጣች ጋዙን በቀጭኑ የምታሾልክ ጅግለር፣ አየር የሚስብባቸው አራት ቀዳዳዎች፤ ሌላ ነገር አልነበረውም። ውስጡን በሲሚንቶና በአሸዋ ለሰንነው። እኔ ሳይደርቅ እንለኩሰው ብዬ አስቸኩዬህ እንደ ሽምብራ እየተንጣጣ ግንባርህን አቃጠለህ።

አባባ እስከዚያ ቀን በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ እንግዳ ሲያየን ነበር። ያኔ ተነስቶ ከጓሮ የእናታችንን ስብርባሪ ማሰሮዎች በጆንያ ይዞ መጣ። ገል ተወቅጦ ከጭቃ ጋር ካልተቦካ እሳት አይችልም፣ ሠላሳ ዓመት ከሸክላ ሠሪ ጋር በከንቱ አልኖርሁም አለን። ወቀጥነው፣ ለሰንነው፣ ጥላ ውስጥ ዘጠኝ ቀን አደረቅነው። የተለኮሰ ዕለት እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ሲያጓራ፣ ባሌስትራው ወሬ ጀምረን ሳንጨርስ ቀልቶ ሲወጣ፣ አባባ ወናፉን አይቶ አንተም ጡረታ ወጣህ አለውና ሳቀ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ሰው መግባት ጀመረ። መጀመሪያ የገቡት እማማ ሸዋወርቅ ናቸው። ጭስ የለ፣ ወናፍ የለ፣ ይኼማ ፋብሪካ ነው አሉ። የተሰነጠቀ ብረት ድስታቸውን ይዘው መጡ፤ ውኃ ጠምቷቸው ከእኛ ጣሳ ጠጡ። ወንድሜ፣ የእኛን ጣሳ ሳያብሱ አፋቸው ላይ አደረጉት። ጓሮ ዞሬ አለቀስሁ። በሳምንቱ ሰብስቤ መንገዱን ተሻገረ።

እዚህ ላይ ብበቃ ምን ነበረበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እኔን ነው። ቀበሌ ድረስ በእግሬ ሄጄ ሊቀመንበሩ መጥቶ እንዲያይልን ለመንሁት። መጣ፤ የአብዮት ጥበቃዎቹን አስከትሎ። ቡዳ የሚባለው የፊውዳሉ ሥርዓት ተረት ነው፣ ሠርቶ አደር ክቡር ነው ብሎ ደጃፋችን ላይ ሲናገር እጄ እስኪቀላ አጨበጨብሁ። ይህን የፈጠረው ማነው ሲል አባባ እኛው ቤተሰቡ ነን ብሎ ሊያልፈው ፈለገ። እኔ ግን እጅህን ይዤ ወደ ፊት አወጣሁህ። አይቶህ ይኼ ልጅማ አሥራ ስድስትም አልሞላው ብሎ በማስታወሻው ሊጽፍ ሲል፣ ኧረ ጓድ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል፣ ባለፈው ጥር ሃያ ዓመት ሞላው አልሁት። ኮርቼ ነው የተናገርሁት። የዚያን ጊዜ አባባ መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። አንተ ፈገግ ብለህ ቆመህ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያ በፊተኛው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ቤት ለቤት ሲዞሩ የእኛን በር እንዴት እንደዘለሉት ታስታውሳለህ? ሰፈሩ በለቅሶ ሲታመስ አንተ በረንዳው ላይ ሸንኮራ ትመጥ ነበር። ከዚያም በፊት የቀበሌው ጸሐፊ ቤተሰብ ሲመዘግብ መግባት ፈርቶ ከአጥሩ ውጭ ስንት ናችሁ ብሎ ጮኾ፣ አባባ አንተን ዘልሎ ሁለት ሲለው ሁለት ብሎ ጽፎ ሄዷል። እኔ ያኔ በዚህም አፍሬ ነበር። እንደ ሰው እንኳ አይመዘግቡንም ብዬ አባባ ላይ ተቆጥቻለሁ። ምን እየሸሸገልን እንደነበር አልገባኝም።

ሊቀመንበሩ በመጣ በሦስተኛው ሳምንት ስምህ ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ደጃፋችንን ያኔ ማንም አይፈራውም ነበር፤ ሰተት ብለው ገብተው፣ ከእኛ ጣሳ ውኃ ጠጥተው ወሰዱህ። አባባ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። አንድ ጊዜ ብቻ እሳቱን እያየ ስድቡ አጥራችን ነበር፣ አጥራችንን ማገዶ አደረግነው አለ። ብቻ እኛ ብሎ ነው ያለው፤ አንቺ ቢለኝ ይቀለኝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ወደ ጦር ግንባር እንሄዳለን ብለህ የጻፍህልን ደብዳቤ መስከረም ላይ ደረሰን። አባባ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። በማግሥቱ የጋዙን መክፈቻ ዘጋው። ዳግመኛ አልተከፈተም። የጋዙን ሲሊንደር ለአብተው መለስሁለት፤ ያ ያማረ ምድጃህ አሁን ዶሮ ታቅፍበታለች። የእናታችን ገል አሁንም ውስጡ ነው። ወናፉን አውርደን አዲስ የፍየል ቆዳ አለበስነው። ከሰሉን መርጋ ነው የሚያመጣልን። እሱ ከሸራው ሥር የሸሸገውን ማንም ኬላ አግኝቶበት አያውቅም።

ጭሱ ሲመለስ እማማ ሸዋወርቅ ቀሩ። ሌሎቹ ግን ልማድ ሆኖባቸው ይገቡ ነበርና እኔ ፍርሃቱን ትንሽ አገዝሁት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የሚሳል ነገር ካለ ልጠይቅ መስዬ ሊቀመንበሩ ቤት ገባሁ። ጎረድ ጎረድ ይበላል። በሩ ላይ ቆሜ ትክ ብዬ ጉርሻውን አየሁለት። ሥጋው ሲያምር አልሁና ከዓይን ያውጣው ሳልል ወጣሁ። ሦስት ቀን ሆዱን ይዞ ተኛ። ቡዳ የፊውዳል ተረት ነው ያለው ሰውዬ አሁን ከካኪ ኮሌታው ሥር ክታብ እንዳሰረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሳልስቅ አልቀረሁም፤ ሁለተኛ ጉርሻውን ስላላየሁለት ብቻ ነው የሚቆጨኝ። ከዚያ ወዲህ በእኛ በኩል ሲያልፍ ማዶ ማዶውን ነው። ጠያቂ ቢመጣ እንኳ ከአጥር ውጭ ሆኖ ነው የሚጠይቀው።

ሰብስቤም መንገዱን ወደ ማዶው ተሻግሮ በዚያው ቀረ። ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጦ ነበር። እናቱ ዓይንሽን እንኳ እንዳላይ ብላ ላከችብኝ። አላዘንሁም ብዬ አልዋሽህም፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም። ምክንያቴን ብነግረው ምናልባት ይቆይ ነበር። አልነገርሁትም። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ወሬ አይቋጥርም፤ እኔ ደግሞ በአፍ የጠፋን ነገር አንድ ጊዜ አይቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቀበሌው ቤተሰብ እንደ አዲስ ሲመዘግብ ጸሐፊው መጥቶ ከአጥሩ ማዶ ቆመ። ስንት ናችሁ ብሎ ጮኸ። አባባ መልስ ከመስጠቱ በፊት ዞር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ሁለት አለው። ሁለት ብሎ ጽፎ ሄደ። በዚህኛው አላፈርሁም።

የቤቱን ነገር ልንገርህና ልጨርስ። ጋዙ ከእሳቱ እንዲርቅ ብለህ ከግድግዳው ጀርባ ያበጀሃት ጠባብ ክፍል ባዶዋን ቀርታለች። መሬቷን ቆፍረን ዝቅ አደረግናት፣ ጭድ ጎዝጉዘናል፣ ውርጭ አይገባትም። ፊት ለፊቷ የከሰል ጆንያ ደርድሬበታለሁ፤ የቀጥቃጭ ከሰል የሚነካ ሰው በዚህ ሰፈር የለም። ተጋድሜ ስለካት ለእኔ ልክ ሆነች። አንተ ከእኔ በስንዝር እንደምትረዝም ለአባባ ነገርሁት። ዶማውን አንስቶ ስንዝር ጨመረባት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሁለት መዶሻ ያወጣል፤ አንዱን ማንም አያነሳውም።

መርጋ እህሉን አራግፎ በማግሥቱ ባዶውን ይመለሳል። ሸራው ሰፊ ነው። ይህን ወረቀት አንብበህ ስትጨርስ ለእሳት ስጠው።

የእናታችን አምላክ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። እግርህን ከእንቅፋት፣ ፊትህን ከሚያውቅህ ሰው ይሰውርልህ። አባባ ጉልበቱን እያሻሸ ይመርቅሃል፤ እኔ መመረቅ አይገባኝም፣ ይቅርታህን ብቻ እለምናለሁ። እሱንም በወረቀት አትላክብኝ።

ያ ሁሉ በአፏ የሆነባት
እህትህ