እፍኝሽ ስንት ግራም ነው?

አዳማ
ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሮማነወርቅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የእህትሽ የኮከብስ ጉልበት ተሻለው? እህትሽን ሰላም በይልኝ፤ ባትቀበልም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ የሚመጣበትን ቀን ግን ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ባልዲዎቹ ሁልጊዜ ከቧንቧው ሥር ናቸው።

የምጽፍልሽ ስልክ ስለማታነሺ ነው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደውያለሁ። በሃያኛው ያነሳችው ኮከብ ናት። «ልዑልሰገድ፣ ልብሷን በኡበይደላ መኪና ላክላት» ብላ ዘጋችው። እንደምን ዋልክ የለ፣ ምን የለ። ጎረቤታችን ኡበይደላ ነገ ጠዋት ገብስ ሊጭን አርሲ ነገሌ ይመጣል፤ ሻንጣሽንና ይህን ደብዳቤ ያደርስልሻል። ሻንጣውን ገና አላዘጋጀሁም። አስቀድሜ የምጠይቅሽ ነገር አለ።

ይህ የሽምግልና ደብዳቤ አይደለም። ያለኝ ጥያቄ ነው፤ ትክክለኛ መልስም እፈልጋለሁ። ታኅሣሥ 11 ቀን፣ ቅዳሜ፣ እኔ ሞጆ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ቢራው በርሜል ውስጥ ስንት ሆፕ ጨመርሽ?

«ትንሽ» አትበይኝ። ያን ዕለት «እንደ ጌሾው» ብለሽኛል፤ እሱም መልስ አይደለም። እፍኝ ከሆነ ስንት እፍኝ? በአንድ እጅ ነው በሁለት? እየፈሰሰ ነው ወይስ ልክ ሆኖ? በመዳፍሽ አሸት አድርገሽዋል ወይስ እንዳለ ነው የከተትሽው? ከቀትር በፊት ነው በኋላ? የምታስታውሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ የማታስታውሽውን ግን ደስ እንዲለኝ ብለሽ አትፍጠሪ።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው፤ አንቺ ጩኸቴን ብቻ ሳታስታውሺ አትቀሪም።

ሚልካ ከጀርመን ሁለት እሽግ ሆፕ፣ አንቺ ጌሾ የምትይውን የቢራ አበባ፣ ላከችልን፤ እያንዳንዱ መቶ ግራም፣ ያልተፈጨ፣ አበባው እንዳለ። ገና በሙከራ ላይ ያለ ዝርያ ስለሆነ ስም እንኳ የለውም፤ እሽጉ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ልጅሽ በስልክ ያለችውን አብረን ሰምተናል፦ «አባዬ፣ ገበሬዎቹ አልወደዱትም፤ ሊነቅሉት ነው። ከዚህ በኋላ አይገኝም።» ስለዚህ በጥንቃቄ አቀድኩ። አንዱን ፔል ኤል ቢራ በለመድኩት ሆፕ፣ ሌላውን በዚህ በአዲሱ ልጠምቅ። ብቅሉ አንድ፣ እርሾው አንድ፣ ውሃው አንድ፤ ሆፑ ብቻ የተለያየ። በቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁት በዚህ ሕግ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። የለመድኩትን ረቡዕ ጠመቅሁ። ቅዳሜ እርሾው ገና እየሠራ ነበር። አዲሱ ሆፕ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እሽጉ ሳይከፈት።

ከሞጆ ስመለስ መሳይ አብሮኝ ነበር። ከፋብሪካው አብረን ከወጣንና እሱ ባቱ ላይ ሆቴል ከከፈተ ወዲህ ሥራዬን ላሳየው ስል ኖሬያለሁ። ግቢ ስንገባ የበርሜሉ ክዳን ተከፍቷል። አንቺ ነጠላሽን አደግድገሽ፣ እሽጉን ይዘሽ ቆመሻል።

«መጣህ? ጌሾውን እኮ ረስተኸው ነው የሄድከው። ጨመርኩልህ» አልሽኝ። ደስ ብሎሽ ነበር።

አልረሳሁም ነበር፣ ሮማን። በሕይወቴ አንድም ጊዜ ሆፕ ረስቼ አላውቅም። እሽጉን ከእጅሽ ስነጥቅሽ ተቀደደ፤ የቀረው አበባ ግቢው ላይ ተበተነ፤ የአዳማን ንፋስ ታውቂዋለሽ። የቀረውን መዝኜ የገባውን ማወቅ ያቃተኝ ለዚህ ነው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ መዝገቤ ላይ እንደዚያው አስፍሬዋለሁ።

ከዚያ ያልኩሽን ቃል በቃል አውቀዋለሁ። «ከጠላ ሻጭ ልጅ ምን ይጠበቃል!» ነው ያልኩሽ። በመሳይ ፊት። መሳይ ክንዴን ይዞ ከግቢ ሲያስወጣኝ አንቺ ክዳኑን በሥርዓት እየገጠምሽ ነበር። በማግስቱ ከኮከብ ዘንድ ሄድሽ። ገናን ብቻዬን፣ ጥምቀትንም ብቻዬን ዋልኩ። ዛሬ አርባ ስድስተኛ ቀንሽ ነው።

ቢራውን ልደፋው ነበር። ያልደፋሁት ከክፋት ነው። በጠርሙስ ልሙላው፣ ስትመለስ አንድ ብርጭቆ ልስጣት፣ ጥፋቷን በገዛ ምላሷ ታረጋግጠው አልኩ። አልተመለስሽም። ጥር 9 ቀን መሳይ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ «እንግዲያው አንተ ቅመሰው» ብዬ አንዱን ከፈትኩ።

ቆርኪው ሲነሳ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ዘይቱን ነው፤ የበሰለ ዘይቱን፣ ከሥሩ ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ። ምሬቱ ይመጣና ሳይከብድ ይሄዳል። መሳይ አንዴ ጎነጨ፤ ደገመ፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ አየኝ።

«ልዑል፣ ይሄን አንተ አልጠመቅኸውም።»

«ታዲያ ማን ጠመቀው?»

«እኔ እንጃ። የአንተን ቢራ አውቀዋለሁ፤ ስጠጣው ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ይሄ ግን ቢራ ነው።»

ኡበይደላም በአጥሩ በኩል አንገቱን አሰገገ። «አካም ጂርታ፣ ልዑል! ዘይቱን ገዝተህ ነው? ለልጆቼ ሁለት ሦስት ፍሬ አቀብለኝ እንጂ።» ቢራ ነው ስለው «አስተግፊሩላህ!» ብሎ አፍንጫውን ይዞ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰና «ሮማን ናት አይደል የሠራችው?» አለኝ። በምን እንዳወቀ ብጠይቀው አልነግርህም አለ።

አሁን ለምን እንደምጠይቅሽ ገብቶሻል። ከጥምቀት በኋላ ሁለተኛውን እሽግ ከፍቼ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ጠመቅሁ። በመጀመሪያው ሠላሳ ግራም፣ ፍላቱ ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጨመርኩ፤ ሽታው በእንፋሎት ሄዶ ምሬቱ ብቻ ቀረ። በሁለተኛው ሠላሳ ግራም፣ እንደ አንቺ ቀዝቅዞ እርሾው እየሠራ፣ በሦስተኛው ቀን። ሣር ሣር አለኝ። የቀረኝ አርባ ግራም ነው፤ ለአንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የለም። ሚልካን ደግሜ ጠየቅኋት፤ ነቅለውታል።

በራሴ እፍኝም ሞከርኩ። የእኔ እፍኝ ዘጠኝ ግራም ይይዛል። የእኔ እጅ ግን የአንቺ እጅ አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬሽ ኖሬ የእጅሽን ልክ አላውቀውም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በርሜሉን የምጠቀልልበት እርጥብ ጆንያ፣ ሙቀቱን የሚያበርደው፣ ቀን ቀን ይደርቃል። ከሥራ ስመለስ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ አገኘዋለሁ። በፊት ሲመሽ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር፤ እኔም ጆንያው ጥሩ ነው እያልኩ መዝገብ ላይ እጽፍ ነበር። «ጆንያው ውሃ ይይዛል» ይላል ጽሑፌ። ስድስት ቦታ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ሻንጣሽን ላዘጋጅ ሄድኩ። አሁን ተመልሼ ነው።

የላይኛዎቹን ገጾች ቀድጄ እንደገና ልጽፋቸው አስቤ ነበር። ትቼዋለሁ። እንዴት እንደምናገር ታውቂያለሽ፤ አሳምሬ ብጽፈው ሌላ ሰው የጻፈው ይመስልሻል።

ልብሶችሽን አጠፍኩ። ጥቁሩን ጫማ፣ የማንበቢያ መነጽርሽን፣ የሚልካን ፎቶ ከነፍሬሙ አስገባሁ። ከማድ ቤቱ በር ኋላ ነጠላሽ ተሰቅሎ አገኘሁት፣ የዚያን ዕለቱ። ጫፉ ተቋጥሯል። ሳንቲም መሰለኝና ፈታሁት።

ሆፕ ነው። ደርቋል፤ ቀለሙ ጠፍቷል፤ የግቢው አሸዋ አለበት፤ አንድ ሁለት የዶሮ ላባም አለበት። እኔ በትኜው፣ ያንን ተናግሬሽ ከግቢ ከወጣሁ በኋላ፣ አጎንብሰሽ አንድ በአንድ ለቅመሽዋል። ለቅመሽም ቋጥረሽ አስቀምጠሽልኛል። ሳትነግሪኝ ሄድሽ።

ሚዛኑን አበራሁ። መመዘን ያለብኝ ነገር ነው፤ ከመቶው ላይ ብቀንሰው ወደ መልሱ እቀርብ ነበር። ሚዛኑ ዜሮ ብሎ ጠበቀኝ። ከዚያ አጠፋሁትና ቋጠሮውን እንደነበረ መልሼ ቋጠርኩት። እንደ አንቺ አላማረልኝም።

የዚያን ቢራ ሽታ የት እንደማውቀው አሁን ገባኝ። ወንጂ፣ እናትሽ ግቢ፣ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ለልምምድ ስኳር ፋብሪካው የመጣሁ ጊዜ። አገዳ ሲቆርጡ የዋሉ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ ፍሬው ራሳችን ላይ እየወደቀ፣ እናትሽ ከማድ ቤት ሆና «ለተማሪው ከጠለለው ቅጂለት!» ስትልሽ። ኬሚስትሪ እየተማርኩ ጠላው ለምን እንደሚጠልል አላውቅም ነበር። እናትሽን ስንት ጌሾ እንደምትጨምር ጠየቅኋት። ሳቀችና እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። እኔ ግን የጠየቅሁት መጠኑን ነበርና መልስ የሰጠችኝ አልመሰለኝም።

በዚያ እጅ ነው አምስት ልጅ ያሳደገችው። በዚያ ጠላ ነው አንቺን ያስተማረችው። ያን ቃል ስናገር ይህን አውቅ ነበር፣ ሮማን። ሳላውቅ አልተናገርኩም። ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው።

በመዝገቤ ላይ እያንዳንዱ ጠመቃ ቁጥር አለው፤ ከቁጥሩ ጎን «ጠማቂ» የሚል ቦታ አለ። እስከ ሠላሳ ድረስ ያለው የእኔ ስም ነው። ሠላሳ አንደኛውን ባዶ ትቼው ነበር፤ «አበላሺ» ብዬ ልጽፍበት አስቤ። ዛሬ ሞላሁት። «ሮማነወርቅ፤ ሙያውን ከእናቷ» ይላል። በብዕር ነው፣ አይጠፋም።

ስለዚህ ጥያቄዬን አንስቻለሁ። ስንት እፍኝ እንደሆነ አትጻፊልኝ።

ሻንጣሽ ተሟልቶ ይመጣል፤ አንድም ነገር አላስቀረሁም። ነጠላው ከላይ ነው። ከነጠላው ሥር፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ የቀረው አርባ ግራም አለ። ይዘሽው ከተመለስሽ ብቅሉን እፈጫለሁ፣ በርሜሉን አጥባለሁ፣ ስትጨምሪም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ካልተመለስሽ የኮከብ ጠላ ላይ ጨምሪው፤ በከንቱ አይቅር። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ ሽታው ቶሎ ይጠፋል። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ታውቂዋለሽ።

ቢራውንም ልልክልሽ ፈልጌ ነበር። አሥራ አንድ ጠርሙስ ቀርቶኛል፤ የሠራሽው አንቺ ሆነሽ እስከ ዛሬ አልቀመስሽውም። ኡበይደላ እምቢ አለኝ። «ደብዳቤውን እወስዳለሁ፣ ሻንጣውን እወስዳለሁ፣ ከፈለግህ አንተንም ከሻንጣው ጋር እጭንሃለሁ። ጠርሙስ ግን አልነካም!» አለ። እኔን መጫኑን አልተቀበልኩትም፤ ሳትጠሪኝ አልመጣም። እሱ ሰኞ ደግሞ ባዶ መኪና ይዞ ወደ አርሲ ነገሌ ይመለሳል፤ ወደ አዳማ ሲመጣ ከጎኑ ሁለት ሰው ያስቀምጣል። ዐቢይ ጾም ሊገባ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ በጾም እንደማትጠጪ አውቃለሁ።

ጆንያውን ዛሬ ከሞጆ ቀደም ብዬ ተመልሼ፣ እንደ አንቺ፣ በቀን ውሃ አጠጥቼዋለሁ። ቀላል ሥራ አይደለም።

ወደየትም ብትሄጂ፣ ወደዚህም ቢሆን ወደዚያ፣ እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ። የእናትሽንም ነፍስ በመልካም ቦታ ያኑርልኝ።

የወንጂዋ ጠላ ሻጭ አማች፣
ልዑልሰገድ